ፊቷን ማን ያምጣላት?

እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ነው ይባላል። ይህን ያለ ሰው ሌቩካ በምትባል የደሴት ከተማ ላይ አስጎብኚ ሆኖ አያውቅም። የከተማዋን አስጎብኚ ኡናይሲን ብትጠይቋት ነገሩን ገልብጣ ትነግራችኋለች። የመጀመሪያው ቀን እንግዳ ጀልባ ሲያንገላታው አድሮ፣ የሾፌሩ የማናሳ አሮጌ መኪና ደግሞ የባሕሩን ዳር መንገድ ይዛ አንጀቱን አውጥታው፣ ሲወርድ የሚጠይቀው ሽንት ቤት ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ሰው ይሆናል። በሦስተኛው ቀን መንደር ገብቶ ሰሌን ላይ እግሩን አጣጥፎ ከተቀመጠ በኋላ ግን፣ ጀልባው ሳይጠብቀው ቢሄድ ደስ የሚለው ይመስላል።

የዚያን ሰሞን የመጡት አውስትራሊያውያን ነበሩ፤ ከአንዲት ወጣት በቀር ሁሉም ጡረታ የወጡ። ኡናይሲ እንደ ልማዷ ከአሮጌዎቹ የእንጨት ሱቆች ፊት ለፊት አቁማ አለቃ ምረጡ አለቻቸው። በሦስተኛው ቀን የምትወስዳቸው ከከተማዋ ጀርባ ወዳለው ወደ ትውልድ መንደሯ ነውና፣ አለቃ የሌለው ቡድን ደጅ ይቀራል። ተወቅጦ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር ይዞ፣ ተንበርክኮ፣ እንግባ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግድ ነው። ፈረንጅ ይኼን ጨዋታ ይመስለዋል። እየተሳሳቁ ኖርም የሚባል፣ ቦርጩ ከቁምጣው በላይ የተንጠለጠለ፣ ሥጋ ቤቱን ለልጁ አስረክቦ ዓለምን ሊያይ የወጣ ሰውዬ ገፍተው አወጡ።

«አለቃ ማለትስ ይኼ ነው» አለ ማናሳ ከመኪናው መስኮት። «ያንቺ ወገኖች አለቃቸው ይህን ያህል ሥጋ ቢኖረው ኖሮ ድሮ በበሉት ነበር።»

«ያንተ ወገኖች ደግሞ ተርፏቸው ነው አንተን የላኩብን» አለችው፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር።

በመሃላቸው ክፋት የለም። ማናሳ ከሌላ ደሴት የመጣ ሾፌር ነው፤ የእሱና የእሷ ጎሣ ጥንት አንድ መንፈስ ያመልኩ ነበር ስለሚባል፣ በተገናኙ ቁጥር መሰዳደብ ወጋቸው ነው። የተናደደ ይሸነፋል፤ የተቆጣ ደግሞ ቅጣት ይከፍላል። እነሱ እስከዚያን ቀን ድረስ ተቆጥተው አያውቁም።

ከዚያ ኡናይሲ ወጣቷን አየቻት። ከሌሎቹ ራቅ ብላ፣ ከአንዱ ሱቅ በረንዳ ምሰሶ ተደግፋ፣ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ደርባ ቆማለች። ቀለሟ ሻይ በወተት ነው፤ ጠጉሯ ጥቅጥቅ ያለ። እንዲህ ነበር ቪኒያና የምትቆመው።

ቪኒያና ታናሽ እህቷ ናት። ከብዙ ዓመት በፊት የመርከብ ሞተር ሊጠግን ከመጣ ነጭ ጋር አንድ ማለዳ ጠፋች። አባታቸው ሰውዬው በደሉን ሊቀብር የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ ይመጣል ብሎ ጠበቀ። እዚያ አገር ያለዚያ ጥርስ ትልቅ ነገር አይጠየቅም፣ አይታረቅምም። ሰውዬው አልመጣም። አባትየው ጥርሱ ሳይመጣ ስሟ እዚህ ቤት እንዳይነሳ ብሎ ከልክሎ፣ እንደ ከለከለ ሞተ። ቪኒያና በየዓመቱ ገና ሲደርስ ከመንደሩ ሥር ወዳለው ሱቅ እየደወለች እናቷን ታነጋግር ነበር። ባለፈው ገና ስልኩ ሳይጮኽ ቀረ። አሮጊቷ ሱቁ እስኪዘጋ ድረስ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቆየችና፣ መስመሩ ተበላሽቶ ነው ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

ኡናይሲ አስጎብኚ የሆነችው ከጀልባ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ለማየት ነው እያሉ የሚያሟት አሉ። ሐሜት ነው፤ ግን እውነት ነው። ሌሎች እህታቸው ስትናፍቃቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ እሷ አድራሻው እንኳ አልነበራት። የነበራት ሥራዋ ብቻ ነው፤ ሥራዋ ደግሞ ወደብ ላይ መቆም ነበር።

ከሰዓት በኋላ በባሕሩ ዳር መንገድ ሲሄዱ ሌሎቹ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የድሮውን የንግድ ቤት፣ የጥንቶቹ ነጋዴዎች እየሰከሩ የሚወድቁበትን መንገድ ፎቶ ያነሳሉ። ወጣቷ ፎቶ አላነሳችም። ብሪዮኒ እባላለሁ ብላለች። የምትጠይቀው ነገር ግን በየትም መጽሐፍ ያልተጻፈ ነው። ልጃገረዶች ሲመሽ ተቀምጠው የዳቦ ቅርፊት ለዓሣ የሚወረውሩበት ግንብ የቱ ነው አለች። ዝንጅብል ከረሜላ በፍሬ የሚሸጥ ሱቅ ነበረ ይባላል አለች። አንዲት ልጅ የለቀቀቻት የቄሱ ፍየል ገብታ የሙሽራ ልብስ የበላችበት ቤት እዚህ ጋ ነው ወይ ስትል ኡናይሲ ያቋረጠችውን ታሪክ ከየት እንደምትቀጥል ጠፋት። ያቺን ፍየል ለቅቃ የሰደደቻት ራሷ ቪኒያና ናት፤ ይኼንን ከኡናይሲ በቀር የሚያውቅ የለም።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ሌሎቹ ሆቴሉ ሰገነት ላይ ቢራቸውን ይዘው ሲቀመጡ፣ ኡናይሲ ልጅቷን ይዛት ወደ ግንቡ ሄደች።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት።

ብሪዮኒ አልዋሸችም። «የቪኒያና» አለች። «አውቀሻል ማለት ነው። እኔ ልናገር አላሰብኩም ነበር፣ አክስቴ።»

«እዚህ አክስት የሚባል የለም። የእናትሽ ታላቅ፣ ትልቋ እናትሽ ናት። እሷስ የት አለች? እደጅ እንደ ሌባ ትልክሻለች እንዴ?»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ባሕሩ አዞረች። ኡናይሲ እጇን ዘርግታ አፏን ልትይዝላት ቃጣት፤ ቃሉ ካልወጣ እውነት የማይሆን መስሏት። ግን የፈሩት ይደርሳል። ቪኒያና ሞታለች። ከገና በፊት ነው፤ በሽታው ጡቷ ላይ ጀምሯት፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ዘግይታለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ቆይቷል፤ የት እንዳለ ልጁም አታውቅም። ታዲያ ለምን አልመጣችም ብላ ኡናይሲ ብትጠይቅ፣ ቪኒያና ባዶ እጄን አልሄድም ትል ነበር፤ ጥርስ ይዞልኝ የሚመጣ ማን አለኝ ትል ነበር። ለልጇም ደጋግማ የነገረቻት ይኼንኑ ነው። ልጅ ፊቱ ሳይመጣ የእናቱ መንደር አይገባም። የአባት ወገን ጥርስ ይዞ፣ ልጁን አስቀድሞ፣ ይኸው ፊቱን አመጣንላችሁ ማለት አለበት። አለዚያ ልጁ ቢያረጅም እዚያ መንደር ለዓይን አልታየም፤ ዘመድ ነኝ ብሎ ደጁን ቢረግጥ ውርደቱ ለእናቱ ነው።

«ቱሪስት ግን ይገባል» አለች ብሪዮኒ። «ድርጅታችሁ በማስታወቂያው ላይ ጽፎታል። በሦስተኛው ቀን መንደር ይጎበኛል፣ አንዲት አሮጊት ሰሌን ሲሠሩ ያያሉ ይላል። ፎቷቸው አለበት። ስለዚህ ትኬት ገዛሁ። ማየት ብቻ ነው የምፈልገው። አይቼ እሄዳለሁ።»

አሮጊቷ የኡናይሲ እናት ናት።

ኡናይሲ አላለቀሰችም። መርዶ ሥርዓት አለው፤ እናት ሳትረዳ እህት አታለቅስም። ልጅቷን ወደ ሆቴሉ መለሰቻትና ለብቻዋ ባሕሩን ስታይ ቆየች። ሐሳቧ ግልጽ ነበር፣ ግልጽነቱም አስፈራት። ልጅቷ እንዳለችው እንደ ቱሪስት ብትገባ፣ የገዛ አያቷን እንደ ቅርስ አይታ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ተመልሳ ዘመድ ነኝ ማለት አትችልም፣ በትኬት ገብታለችና። አሮጊቷ ግን ተስፋዋን ይዛ ትቆያለች። በሚቀጥለውም ገና በርጩማዋን ይዛ ሱቅ ትወርዳለች። የልጅቷ ፊት ቢመጣ ደግሞ ፊቷን ተከትሎ መርዶው ይመጣል። የሰማንያ ዓመት ሴት ምን ያህል ትችላለች? ይቅር፣ ዝም ልበል አለች ለራሷ።

በማግሥቱ ወደ ኮረብታው ወጡ። ደረጃው ጡረተኞቹን እያስለከለከ፣ ኖርም በየመታጠፊያው እየቆመ አለቃ መሆን በቅሎ አይጨምርም ወይ እያለ ሲያስቃቸው፣ ኡናይሲ በሕልሟም የማትስተውን ታሪክ ታዘባርቀዋለች። ከተማዋ ከተራራውና ከባሕሩ መሃል ተጨናንቃ መስፋፊያ በማጣቷ ዋና ከተማነቷን ለሱቫ አስረከበች ትልና፣ ጥቂት ቆይታ እንደገና ታስረክባለች። ብሪዮኒ ከኋላ ሆና የምታየው ከታች ያለውን የመንደሩን ጣሪያ ብቻ ነው።

ማናሳ ጫፉ ላይ አናናስ እየቆረጠ ጠበቃቸው። «ዛሬ ዋና ከተማችንን ሁለት ጊዜ ወሰዱብን» አላት። «ያንቺ ወገኖች ድሮም የያዙትን ማቆየት አይሆንላቸውም።»

ነገሩ ተራ ቀልድ ነበር። ኡናይሲ ግን ሁለት እጇን በወገቧ ይዛ፣ አንተ ምናምንቴ፣ ስለ ወገኖቼ እንድትናገር ማን ፈቀደልህ ብላ በእንግዶች ፊት ጮኸችበት። ፊቷ ነደደ። ጡረተኞቹ ማኘክ አቆሙ። ማናሳ ቢላውን አስቀመጠ። በአያቶቻቸው ዘመን እንኳ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም፤ የቀልድ ዘመድን መቆጣት ከቤተ ክርስቲያን መሃል እንደ መሳደብ ነው። እሷም ወዲያው ገባትና አፏን በእጇ ያዘች።

«ቅጣት አለብሽ» አላት ቀስ ብሎ፣ ከሰዎቹ ፈቀቅ ካሉ በኋላ። «ያንጎና አልፈልግም። ምን እንደሆንሽ ንገሪኝ፤ ቅጣትሽ እሱ ነው።»

ነገረችው። አንድ የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው፣ ዓይኗን ከሌሎቹ ላይ ሳትነቅል፣ ሁሉንም ነገረችው። ማናሳ ሲሰማ አንድም ጊዜ አላቋረጣትም፤ ይኼም ለእሱ ተአምር ነው። ስትጨርስ እናትሽን እስከ መቼ ልታስጠብቂያት ነው አላት።

«መርዶውን አትችለውም።»

«ሱቅ ደጃፍ መቀመጡንስ ችላዋለች?»

ደግሞስ ፊቷን ማን ያምጣላት አለችው፤ አባቷ የለ፣ የአባቷ ወገን የለ። ማናሳ አገጩን ወደ ጡረተኞቹ ቀሰረ። ሣሩ ላይ ተዘርግተው አናናስ ይበላሉ፤ ጭማቂው በክንዳቸው ይወርዳል።

«ያውልሽ የአባቷ ወገን። ቁምጣውን ለብሶ ተቀምጧል። አለቃም ከትናንት ጀምሮ አላቸው።»

«ቧልት ይሆናል፣ ማናሳ። አጎቴ ያባርሩናል።»

«ጥርሱ የኔ ነው። ለልጄ ሰርግ ያስቀመጥኩት አለ። በእውነተኛ ጥርስ የሚቧልት ሰው አላየሁም።»

ኡናይሲ ልትስቅም ልትቆጣም ሞከረች፤ ሁለቱም አልወጣላት። በመጨረሻ ወደ ብሪዮኒ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ነገ የምትመርጠው እሷ እንደሆነች ነገረቻት። እንደ ቱሪስት ከገባች ፎቶ ይዛ በሰላም ትሄዳለች። እንደ ልጅ ከገባች ግን ለአያቷ የምትወስደው ሞትን ነው፤ ልታያትም የምትችለው እያለቀሰች ነው።

«ፎቷቸው አለኝ» አለች ልጅቷ። «እናቴ አልጋዋ አጠገብ አስቀምጣው ነበር። ሌላ ፎቶ አልፈልግም።»

ኖርምን ያነጋገረው ማናሳ ነው። ሰውዬው ሁሉን ከሰማ በኋላ ለረጅም ጊዜ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየና፣ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁምጣ ለብሶ መሄድ ነውር እንደሆነ። ማናሳ ነውር ነው አለውና የራሱን ጥቁር ሽርጥ አዋሰው። ሽርጡ ቦርጩን ዞሮ ለመታሰር ተቸገረ፤ ማናሳ ግን ምንም አላለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኡናይሲ ቀድማ ሄዳ፣ ዛሬ እንግዶቹ ከያንጎናው ሌላ የያዙት ነገር አለ ብላ ለአጎቷ ነገረች። አጎቷ የመንደሩ አለቃ አፍ ናቸው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚቀበሉትም የሚመልሱትም እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ይምጡ አሉ። አዳራሹ ውስጥ እናቷ ከጥግ ሰሌኗን ትሠራለች፤ ቱሪስት መጣ ሲባል እንደምትሆነው የአበባ ሸሚዟን ለብሳለች።

ገብተው ተቀመጡ። የያንጎናው ሥር ተሰጠ፣ ተቀበሉት፤ የሚበጠበጥበት ገበቴ ቀረበ። ከዚያ ኖርም በጉልበቱ ወደፊት ሄደና ከማናሳ ከተዋሰው ሽርጥ እጥፋት ውስጥ ጥርሱን አወጣ። እንደ ማር የበሰለ፣ በገመድ የታሰረ፣ ከመዳፍ የሚበልጥ ጥርስ ነው። የአሮጊቷ ጣቶች ሰሌኑ ላይ ቆሙ።

ኖርም ያስጠኑትን ሁለት ቃል ረሳው። በራሱ ቋንቋ ተናገረ፣ ኡናይሲም ተረጎመችው።

«የልጅቷን አባት አላውቀውም» አለ። «ጥሩ ሰው የነበረም አይመስለኝም። ግን የአገሬ ሰው ነው፤ ዛሬ በሱ ቦታ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። የበደላችሁን በድሏል። የቪኒያናን ልጅ ፊት አምጥተናል። የዘገየነው እኛ ነን፣ እሷ አይደለችም።»

አጎትየው ጥርሱን አልተቀበሉም። ኖርምን አዩት፣ ሽርጡን አዩ፣ ከኋላው የተቀመጡትን ጡረተኞች አንድ በአንድ አዩ። አንዳቸውም አልሳቁም፤ ካሜራ የያዘች ሴት ካሜራዋን ከሥሯ ደብቃለች። ማናሳ ከበሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቷል። አጎትየው እጃቸውን ከመለሱት ልጅቷ ለዘላለሙ ከደጅ ቀረች ማለት ነው፣ ያመጣባት ደግሞ የኡናይሲ ድፍረት ነው። ሽማግሌው በመጨረሻ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጥርሱን ተቀበሉ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፣ መንደርተኛውም መዳፉን አጉድጉዶ አጨበጨበ።

ብሪዮኒን አሮጊቷ ፊት አስቀመጧት። አሮጊቷ ጉንጯን በአፍንጫዋ ሳበችው፣ በግራ፣ በቀኝ፣ እንደገና በግራ። ጆሮዎቿን ዳሰሰች። አልቸኮለችም። ከዚያ ከልጅቷ ትከሻ በላይ አሻግራ ማየት ጀመረች። የልጅ ፊት ሲመጣ እናቱ ከኋላው ትቀመጣለች፤ ከብሪዮኒ ኋላ ያለው ሰሌን ባዶ ነው። አሮጊቷ ጡረተኞቹን አለፈች፣ ማናሳን አለፈች፣ እስከ በሩ ድረስ አየች።

«እናቷስ?» አለች በቋንቋዋ። «አፍራ እደጅ ቀርታ ነው? በሏት ትግባ። ማንም አይናገራትም።»

ብሪዮኒ ወደ ኡናይሲ ዞረች። ምን አሉ አለቻት።

ኡናይሲ ተረጎመችላት። ብሪዮኒ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች፣ እንባ ቀደማት፤ ከዚያ በዝግታ፣ ቃል በቃል፣ እንደ ተዘጋጀችበት ተናገረች። እናቴ ከገና በፊት ሞታለች በያቸው አለች። በመጨረሻዎቹ ቀናት የምታወራው በእናንተ ቋንቋ ነበር፣ እኔ አልገባኝም፣ በያቸው አለች።

ኡናይሲ በሕይወቷ የስንቱን ቃል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ አመላልሳለች። የአምባሳደር ንግግር፣ የሰካራም ቀልድ፣ የገበያ ንትርክ ተርጉማለች። አሁን ሁሉም እሷን ነው የሚያዩት። የእናቷ ዓይን ግን አሁንም በሩ ላይ ነው።

«እማዬ» አለች። «ወደ በሩ አትዪ። እህቴ ሞታለች።»

አሮጊቷ የያዘችውን የሰሌን ቅጠል ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። የብሪዮኒን እጅ አልለቀቀችም።

«መቼ ሰማሽ?» አለች።

«ከትናንት ወዲያ።»

«ይኼን ተሸክመሽ ነው እንግዳ ይዘሽ ኮረብታ ስትወጪ ስትወርጂ የሰነበትሽው? አላለቀስሽም?»

«አንቺ ሳትሰሚ እንዴት አለቅሳለሁ።»

አሮጊቷ ጎኗ ያለውን ሰሌን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «በይ ነይ» አለቻት። «ተቀመጪ። እንግዶቹን ማናሳ ያዙርልሽ።»

ማናሳ ተነሳ። ጡረተኞቹን በእጁ ምልክት እያስነሳ፣ ኖርምን በክርኑ ይዞ፣ ወደ ውጭ መራቸው። ኡናይሲ ጎብኚ እያየ ተቀምጣ አታውቅም። የአስጎብኚነት ባጇን ከአንገቷ አውልቃ መሬት ላይ አስቀመጠችና ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። እናቷ ቪኒያናን በሕፃንነት ስሟ ስትጠራ ኡናይሲ አለቀሰች። ሴቶቹም ከየቤቱ እየሰሙ መምጣት ጀመሩ፤ ብሪዮኒ ምን እንደሚሉ አልጠየቀችም።